የትርንጎ ልጆች

ኦዴያንና አቪኤልን ያገናኘቻቸው የእማማ ስንዱ ልብ ናት። አሮጊቷ ልባቸውን ያማቸውና በእስራኤል አገር፣ አሽዶድ፣ ሮቫ ዩድ-አሌፍ በሚባለው ሰፈር ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። ዕብራይስጥ ስለማይሰሙ የልጅ ልጃቸው አቪኤል ሊያስተረጉምላቸው አብሮ ገባ። ኦዴያ ደግሞ የአያቷን የአባ ምስጋናውን የደም ግፊት ልታስለካ በር ላይ ተራ ትጠብቃለች። የሐኪሙ በር ገርበብ ብሎ ስለነበር ውስጥ የሚባለው ሁሉ ውጭ ይሰማል።

«ልቤ ድው ድው ይልብኛል፤ ደግሞ ብቻዬን ስሆን ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አሉ እማማ ስንዱ።

አቪኤል ትንሽ አሰበና ለሐኪሙ በዕብራይስጥ «ሆዷን ያማታል» አለው።

«ምን በላች? ታስመልሳለች?» አለ ሐኪሙ።

አቪኤል ወደ አያቱ ዞሮ «ምን በላሽ?» ሲላቸው ኦዴያ አልቻለችም፤ ሳቋን አፍና ጭንቅላቷን በበሩ ብቅ አደረገች። «ሆዷን አላመማትም» አለችው ለሐኪሙ። «ብቸኝነት ተሰምቷታል፤ ትሰጋለች ማለቷ ነው።» ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት፤ እማማ ስንዱም ቀና ብለው አዩዋት። አቪኤል ግን የሚገባበት ጠፍቶት ጆሮው ጋለ።

ሲወጡ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ተከተላት።

«አስተማሪ ነሽ እንዴ?»

«መዋዕለ ሕፃናት ነው የምሠራው። እንዳንተ ያሉ ብዙ አሉኝ።»

በዚህ ተጀመረ። ሁለቱ ሽማግሎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አባ ምስጋናው የአገር ቤታቸውን የወገራን፣ እማማ ስንዱ የሰቀልትን ወሬ ሲያወጉ፣ ልጆቹ ስልክ ተለዋወጡ። አባ ምስጋናው ወደ ቤት ሲመለሱ «መልካም ልጅ ነው፤ አያቱን ያከብራል» አሉ። ኦዴያ ይህን ቃል በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሳዋለች።

አቪኤል ከውትድርና እንደ ወጣ ወደቡ ላይ ነው የገባው፤ መርከብ ሲመጣ ገመድ የሚቀበልና የሚያስር ነበር። ኦዴያም የወታደር ልብሷን ካወለቀች ዓመት አልሞላትም። ያ በጋ ለሁለቱ እንደ ሰደድ እሳት ነበር። ቀን ቀን ከሥራ ሲወጣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ቢጫ ሰደርያውን ሳያወልቅ፣ ጨው ጨው እየሸተተ መዋዕለ ሕፃናቱ አጥር ላይ ይንጠለጠላል። ሕፃናቱ «አቪኤል መጣ!» ብለው ሲጮኹ ዋና አስተማሪዋ ትቆጣለች፤ ኦዴያ ትደበቃለች፤ እሱ ይስቃል። ማምሻውን ባሕሩ ዳር ሄደው እግራቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው ይቀመጣሉ። ሁለቱም ቁጡዎች ነበሩ። በማይረባ ነገር ይጣላሉ፤ ስልክ ይዘጋጋሉ፤ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ አንዱ አንዱን ፍለጋ ይወጣል።

«አንድ ቀን በቁጣ አንተያይም ብለን እውነት እንዳይሆን እፈራለሁ» አለችው አንድ ጊዜ።

«ሞኝ! ብትደበቂኝ እንኳ ሕፃናቱ ያለሽበትን ይነግሩኛል» አላት።

በበጋው መጨረሻ አቪኤል አባቱን ቤንያሚንን «ሽማግሌ ላኩልኝ» አለው። ቤንያሚን ደስ አለው፤ ልጁ እንደ ወጉ መጠየቁ አኮራው። አጎቱን አባ ፍቅሬንና ሁለት የሰፈር ሽማግሎችን ይዞ ወደ ኦዴያ ቤት ሄደ። የኦዴያ እናት ቶቫ ሳሎኑን አሰናዳች፤ ጠላ ቀረበ፤ ዳቦ ተቆረሰ። ኦዴያ እንደ ደንቡ ኩሽና ውስጥ ሆና ታዳምጣለች። አቪኤል ፎቁ ሥር ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

«መቸም ለደግ ነገር ነው የመጣነው» አሉ አባ ፍቅሬ። «ልጃችሁን ለልጃችን።»

«ደግ» አሉ አባ ምስጋናው። «ልጆቹ ከተዋደዱ እኛ ምን አለን። ብቻ እንደ አባቶቻችን እንቆጠር።»

የቤተ እስራኤል ወግ ነው። ሰባት ቤት ሳይራራቁ ጋብቻ የለም። በአገር ቤት ሲቆጠር ኖሯል፤ እዚህም ይቆጠራል። አባ ምስጋናው ጣታቸውን እያጠፉ በእናቷ ወገን ጀመሩ። «የልጅቱ እናት ቶቫ የኔ ናት። እኔ የአድማሱ። አድማሱ የእንግዳ። እንግዳ የጓዴ።»

አባ ፍቅሬ በተራቸው ቆጠሩ። «ቤንያሚን የወንድሜ ነው። እኔና ወንድሜ የዋሴ። ዋሴ የብሩ። ብሩ የደረሶ።»

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በጐ ነበር። ቶቫ ጠላ ልትጨምር ማንቆርቆሪያውን አንሥታለች። ከዚያ አባ ምስጋናው ጣታቸውን እንዳጠፉ ቆዩና «የደረሶ እናት ማን ነበረች?» አሉ።

«ትርንጎ።»

«የየት ትርንጎ?»

«የሰቀልቷ ናታ። ባል ሞቶባት ሁለተኛ ወገራ ያገባችው።»

ኦዴያ ኩሽና ውስጥ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«የጓዴም እናት እሷው ናት» አሉ አባ ምስጋናው ቀስ ብለው። «ከወገራው ባሏ የወለደችው ነው። ስድስተኛ ቤት ላይ ተገናኘን።»

አባ ፍቅሬ ብርጭቋቸውን ከፊታቸው ገፋ አደረጉ። ማንም የቀረበውን አልነካም። ሰው የሞተ ይመስል አንድ በአንድ ሲነሡ ኦዴያ ከኩሽና ወጣች። ሽማግሌ ፊት ሙሽራ አትወጣም፤ እሷ ግን ወጣች።

«አባባ፣ ይህችን ትርንጎን አይተዋት ያውቃሉ?»

«እንዴት አያታለሁ ልጄ፤ የአባቴ አያት እናት ናት።»

«እኔም አላየኋት። እንግዲህ እርስዎም እኔም የማናውቃት ሴት ናት ባሌን የምትነጥቀኝ?»

«ኦዴያ!» አለች ቶቫ።

«ዝም በይ!» አሉ አባ ምስጋናው። ወደ ልጅ ልጃቸው ዞሩ። «ሥጋ ነው። ለልጅቱ ወንድም፣ ለልጁ እህት አገኘንለት እንጂ ማንም ምንም አልነጠቀሽም። እህቱ ነሽ።»

ቤንያሚን በሩ ጋ ሆኖ ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እስከዛሬ ባለማወቅ ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይላል» አላት። «ከዛሬ ጀምሮ ግን አውቃችኋል።»

ሽማግሎቹ ሊፍቱን ሲጠብቁ ኦዴያ በደረጃው እየዘለለች ወረደች። አቪኤል ከሞተሩ ተነሥቶ ቆመ።

«ምን አሉ?»

«እህትህ ነኝ አሉ።»

ሳቀ። እሷ አለመሳቋን ሲያይ አቆመ። ዘርዝራ ስትነግረው ጭንቅላቱን ይዞ ሲያዳምጥ ቆየና «የረቢዎቹ ቢሮ፣ ራባኑት፣ ይመዘግበናል» አላት። «የአክስት ልጅ የሚያገባ አገር ውስጥ ሆነን እንዴት ስለ ትርንጎ ይለዩናል?»

«አያቴ ይጠላኛል።»

«የኔም አባት ይጠላኛል። እኩል ነን።»

በሳምንቱ ራባኑት ቢሮ ሄደው ለጋብቻ ተመዘገቡ። ወሬው በአንድ ቀን ሮቫ ዩድ-አሌፍን አዳረሰ። ቤንያሚን ልጁን በር ላይ ጠብቆ «ይህን ጋብቻ ከፈጸምክ በሕይወት ሳለህ ልብሴን ቀድጄ ሐዘን እቀመጥልሃለሁ» አለው። አቪኤል አንድ ሻንጣ ልብስ ይዞ ሮቫ ቴት ቫቭ የሚባለው ሌላ ሰፈር፣ ያሪን የሚባል የሥራ ጓደኛው ሶፋ ላይ ማደር ጀመረ። እማማ ስንዱ ልጃቸውን «እባክህ በሩን ክፈትለት» ብለው ለመኑ፤ አልሰማቸውም።

በኦዴያም ቤት እንዲሁ ነበር። አባ ምስጋናው የልጅ ልጃቸውን ሰላምታ መመለስ ተዉ። ውኃ ስታቀርብላቸው ይተዉታል፤ እናቷ ስታቀርብ ይጠጣሉ። በምግብም እየቀነሱ ሄዱ። ቶቫ ከአባቷና ከልጇ መካከል ሆና ከሳች።

«አባቴ ይሞቱብኛል» አለቻት አንድ ቀን። «አልተይው አላልኩሽም። ብቻ እስኪበርድላቸው ጥቂት ቀን ኪርያት ጋት ከተማ፣ አክስትሽ ዘንድ ሰንብቺ።»

ኦዴያ የእናቷን ዓይን አየች፤ አሳዘነቻትና ሄደች። አቪኤልም «ሂጂ፤ ቁጣቸው ይብረድ፤ እኔ ቤት እፈልጋለሁ» አላት።

አክስቷ ኦርና በደስታ ተቀበለቻት። ዓርብ ቀን ግን ኦርና ከወትሮው የበለጠ ስታበስል ዋለች፤ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አነጠፈች። ከቀትር በኋላ በር ተንኳኳና አንድ ጥሩ የለበሰ ወጣት እናቱን አስከትሎ ገባ። ኡሪ ይባላል። ጨዋ ነበር፤ አበባ ይዟል። አበባውን የሰጠው ለኦርና ነው፤ እናቱ ግን ዓይኗን ከኦዴያ ላይ አላነሣችም።

ኦዴያ አክስቷን ወደ ኩሽና ጎተተቻት። «ይህ ምንድን ነው?»

«ጠበቃ ነው» አለች ኦርና ሹክ ብላ። «ከናታንያ። ዘሩንም ቆጥረነዋል፤ ንጹሕ ነው። እናትሽ ታውቃለች።»

እናትሽ ታውቃለች። ኦዴያን ያቃጠላት ይኸ ነው። ወደ ሰገነቱ ወጣችና አቪኤል ጋ ደወለች። ከሰማይ ላይ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጀምሯል፤ አቧራው ሸተተ።

«ባል አምጥተውልኛል» አለችው። «አሁን፣ እዚህ፣ ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል።»

«ምን?»

«ና ውሰደኝ።»

«ኦዴያ፣ አሁን ከሥራ መውጣቴ ነው። ዝናቡ እየበረታ ነው፤ ሰንበትም ሊገባ ነው። እሑድ በጧት የያሪንን መኪና ይዤ...»

«እሑድ? ዛሬ ካልመጣህ እሑድም አትምጣ!»

ዘጋችው። ሻንጣዋን ለመሰብሰብ ገባች። ልብሷን አጥፋ ሳትጨርስ ስልኳ ነዘረ፤ አቪኤል ጽፏል። «እየመጣሁ ነው፤ እብድ።» አነበበችውና ብቻዋን ሳቀች። ለኦርናም፣ ለእንግዶቹም አንድ ቃል ሳትናገር ሻንጣዋን ይዛ ወርዳ ደረጃው ሥር ተቀመጠች።

የመጀመሪያ ዝናብ ክፉ ነው። በጋውን ሙሉ አስፋልቱ የጠጣውን ዘይት ይተፋዋል። አቪኤል ከአሽዶድ ወጥቶ ብዙ ሳይርቅ ሞተሩ ተንሸራተተ፤ ከኋላው የነበረው የጭነት መኪና ፍሬን ቢይዝም አልቆመለትም።

ኦዴያ ደረጃው ሥር ተቀምጣ እንዳለች ጨለመ። በየመስኮቱ የሰንበት ሻማ በራ። ደወለች፤ አያነሣም። ተቆጥቶ ነው አለች። ከዝናቡ ድልድይ ሥር ተጠልሎ ነው አለች። በመጨረሻ ስልኳ ሲጮህ ያሪን ነበር፤ «አቪኤል ሞቶብናል» አላት።

አቪኤል እሑድ ተቀበረ። ሰዉ ብዙ ነበር፤ የወደብ ሠራተኞቹ ቢጫ ሰደርያቸውን ለብሰው መጥተዋል። ኦዴያ ከሕዝቡ ኋላ ቆመች፤ ማንም አልገፋትም፤ ማንም አልቀረባትም። አፈሩ ሲመለስ ቤንያሚን ቀና አለና በሰው ትከሻ መካከል አያት። ያ አስተያየት ከቀብሩ ይልቅ ከበዳት።

ከቀብር በኋላ ሐዘንተኞቹ የሚቀመጡበት ድንኳን ከቤንያሚን ፎቅ ሥር ተተክሏል። ኦዴያ ጥቁር ሸሚዝ ለብሳ ልትወጣ ስትል ቶቫ በሩ ላይ ቆመችባት።

«አትሄጂም። እሷ ናት የገደለችው ይላሉ። ይደበድቡሻል።»

«ይደብድቡኝ።»

«የኔ ልጅ...»

«እማ፣ ጠበቃውን ያስመጣሽው አንቺ ነሽ። ዛሬ እንኳ ከበሩ ላይ ተነሺልኝ።»

ቶቫ ተነሣች።

ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ተቀምጠዋል። ኦዴያ ስትገባ ለቅሶው እንደ ተቆረጠ ገመድ ቀጥ አለ። ከሴቶቹ መካከል አንዷ «ምን ልትሠራ መጣች?» አለች። ሌላዋ «ሚስቱ አይደለች፣ እጮኛው አይደለች፤ ምኑ ናት?» አለች። ኦዴያ ወደ ፊት ሄደች። ቤንያሚን ከዝቅተኛው መቀመጫው ተነሣ፤ የሸሚዙ አንገት በሐዘን ወግ ተቀድዷል።

«ከዚህ ውጪ» አላት።

«ሐዘን ልቀመጥ ነው የመጣሁት።»

«እዚህ የሚቀመጥ ዘመድ ነው። አንቺ ምኑ ነሽ?»

ኦዴያ ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀችም ነበር። መልሱ ከአፏ የወጣው ከቁጣዋ ነው። «ዘመዱ ነኝ» አለች። «የሰቀልቷ ትርንጎ ልጅ ነኝ። ቤታችን ቁጭ ብላችሁ በጣታችሁ ቆጠራችሁኝ። እህቱ ነሽ ብላችሁ ከለከላችሁኝ። ለጋብቻ ጊዜ ሥጋ ከሆንኩ ለሞትም ጊዜ ሥጋ ነኝ። ወይ ቆጠራችሁ ሐሰት ነው፣ ወይ እቀመጣለሁ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ አባ ፍቅሬ ዞረ። ቆጣሪው እሳቸው ነበሩ። ሽማግሌው ጢማቸውን ይዘው መሬት መሬቱን አዩ። «ቆጠራው ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ቆሜ ቦታ እንዲሰጡኝ ልለምን?»

ያኔ ከሴቶቹ ወገን እማማ ስንዱ ነጠላቸውን ሰብስበው ፈቀቅ አሉና ከጎናቸው ፍራሹን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ነይ፣ ቁጭ በይ» አሏት። ኦዴያ ተቀመጠች። አሮጊቷ እጇን ያዙና በቀጭን ድምፅ ሙሾ አወረዱ፦

«የሰው መርከብ ሲያስር ሲያጠብቅ እያየሁ፣
የሱን ነፍስ ገመድ ማን ፈታው እላለሁ።»

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ኦዴያ ሙሾ አታውቅም፤ አማርኛዋም ለዚህ አይበቃም። የአቪኤልን ስም ብቻ ጠራች፤ ደጋግማ፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጠራች። ቤንያሚን ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ «ውጪ» ያላት የለም። ያነጋገራትም ጥቂት ነው።

ሰባቱን ቀን ሳትቀር ተቀመጠች። የሚመጣው ሰው ሁሉ ያያታል፤ ሰፈሩም ያወራል። የመዋዕለ ሕፃናቱ ዋና አስተማሪ ደውላ «ወላጆች እየጠየቁኝ ነው» ስትላት ኦዴያ «ሐዘን ላይ ናት በያቸው» አለቻት። እናቷ በመሃል ስትመጣ ከሩቅ ተቀመጠች። አባ ምስጋናው ግን አልመጡም።

ሰባተኛው ቀን ሰንበት ስለሆነ፣ በማግስቱ እሑድ ጧት ሐዘኑ ሊነሣ ሲል፣ አባ ፍቅሬ ለመመረቅ ቆሙ። የአቪኤል ዕድሜ እኩዮች፣ ወታደሮችም ተማሪዎችም፣ ድንኳኑን ሞልተውታል። ሽማግሌው ሟቹን አመሰገኑ፤ ቤተሰቡን መረቁ። ከዚያ ወደ ወጣቶቹ ዞሩ።

«ልጆቼ፣ ይህ ትምህርት ይሁናችሁ» አሉ። «ፍቅር ዓይን የለውም። አባት እናቱን የናቀ፣ የተቆጠረውን ዘር የጣሰ፣ መጨረሻው ምን እንደ ሆነ አይታችኋል። እግዚአብሔር...»

«አይደለም» አለች ኦዴያ።

ድምፅዋ ሰባት ቀን ለቅሶ ያሻከረው ነበር፤ ግን ተሰማ። እማማ ስንዱ ነጠላዋን ጎተት አደረጉ። ኦዴያ ተነሣች።

«አባ ፍቅሬ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ይህን ግን አልሰማም» አለች። አማርኛው ሲያጥራት ዕብራይስጥ እየቀላቀለች ቀጠለች። «እኔ ምን እንደ ሆነ አውቃለሁ። ደውዬ ዛሬ ካልመጣህ አትምጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ተሸክሜው እኖራለሁ፤ ማንም እንዲያወርድልኝ አልለምንም። ዝናብ ነበር፤ መንገዱ ያንሸራትት ነበር። ልጁ ደግሞ ሶፋ ላይ ሲያድር የከረመው በር ስለተዘጋበት ነው። እኔ ኪርያት ጋት የነበርኩት ተታልዬ ነው። ይህ ሁሉ የሰው ሥራ ነው። የናንተም የኔም። የሠራነውን እግዚአብሔር ላይ አትጫኑት።»

«ልጄ...» አሉ አባ ፍቅሬ።

«አልጨረስኩም። ጋብቻውን ከለከላችሁ፤ እሺ፣ ወጋችሁ ነው። አሁን ደግሞ ሞቱን ወስዳችሁ ለልጆች ማስፈሪያ ልታደርጉት ነው። አቪኤል የእርሻ ማስፈራሪያ አይደለም። ሰው ነበር። ሳቂታ ነበር፤ ቁጡ ነበር፤ አማርኛ ሲያስተረጉም ሐኪም ያሳስት ነበር። ሲወደኝ አላፈረም፤ እኔም አላፍርበትም። ለነዚህ ልጆች የምትነግሯቸው ካላችሁ ይህን ንገሩ።»

አንዲት ሴት «ኧረ ምን ዓይነት ድፍረት ነው» አለች፤ ሁለት ሽማግሎች ተነሥተው ወጡ። ከወጣቶቹ አንዱ ማልቀስ ጀመረ፤ ያሪን ነበር።

ሁሉም ቤንያሚንን ያያል። ቤንያሚን አንገቱን እንደ ደፋ ነው። «አጎቴ፣ ምርቃቱን ብቻ ይጨርሱ» አለ። «ሌላውን ይተዉት።»

አባ ፍቅሬ መረቁ፤ ሰዉ አሜን አለ። ቤንያሚን ኦዴያን ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እሷም አልጠበቀችም። ድንኳኑ ሲፈርስ በአጠገቧ አለፈና ቆም አለ። «ሲመጣ ምን ብሎ ጻፈልሽ?» አላት ሳያያት። ያሪን ነግሮት ይሆናል።

«እየመጣሁ ነው፤ እብድ» አለችው።

ቤንያሚን ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። ፎቁ ላይ ወጣ።

ኦዴያ ከድንኳኑ ስትወጣ አያቷ አባ ምስጋናው የእግረኛው መንገድ ላይ በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመው አገኘቻቸው። ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ጫማቸው ጭቃ ነክቶታል። መቼ እንደ መጡ አታውቅም፤ ሁሉን ሰምተዋል ግን። ከሽምግልናው ቀን ወዲህ ፊት ለፊት ሲያይዋት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ሽማግሌ ፊት እንዲህ ይባላል?» አሏት።

«ዛሬ ይባላል አባባ።»

አብረው መሄድ ጀመሩ። ሁለት አውቶቡስ አለፋቸው፤ ሊያስቆሙ አልፈለጉም። ሽማግሌው ቀስ እያሉ፣ በየጥቂቱ እያረፉ ይራመዳሉ።

«ለሐዘን ያልመጣሁት ጠልቼው አይደለም» አሉ። «በምን ፊቴ ልቁም ብዬ ነው። ጨዋ ልጅ ነበር።»

«ብለውኝ ነበር፤ ያኔ። ከዚያ ግን በሩን ዘጉብን።»

«ሕጉ ነው የዘጋው።»

«ሕጉ እጅ የለውም አባባ። በር የሚዘጋ ሰው ነው።»

አባ ምስጋናው ቆሙ። ተናደዱ፤ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። «አባቶቻችን በርሃብ ጊዜ፣ በስደት ጊዜ፣ ማንነታቸው እንዳይጠፋ የጠበቁትን እኔ አሽዶድ መጥቼ ልጣለው? ነገም ቢመጣ፣ ሌላ ልጅ ቢመጣ፣ ያው ትርንጎ ብትገኝ፣ እምቢ እላለሁ። ስሚኝ፣ እምቢ እላለሁ!»

«እኔም ነገ ቢመጣ እሄዳለሁ» አለች ኦዴያ። እንባዋ ወረደ፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «ዝናብ ሳይኖር፣ በመኪና፣ ቀስ ብዬ። ግን እሄዳለሁ።»

ተያዩ። ሁለቱም አልተበገሩም። አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች መጥታ መንገዱን ስለዘጉባት ጠበቀች፤ ከዚያ ዞራ አለፈች።

«እንዳንቺ ያለ ደረቅ አላየሁም» አሉ አባ ምስጋናው።

«እኔ አይቻለሁ።»

ሽማግሌው በአፍንጫቸው ተነፈሱ፤ ሳቅ ይሁን ንዴት አልታወቀም። ፊት ለፊታቸው የሚወጡት አቀበት አለ። ምርኩዛቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ቀኙን ወደ እሷ ዘረጉ። ኦዴያ ክንዳቸውን ያዘች፤ ቀጥኗል፤ ምግብ ሳይበሉ መሰንበታቸው በኮቱ ውስጥ ያስታውቃል።

«ቤት ስንገባ ይበላሉ» አለቻቸው።

«ካቀረብሽ እበላለሁ።»

እየተከራከሩ አቀበቱን ወጡ።